«ሞተሩ ያልተከፈተ»

የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ገዢ ሲያይ የሚደረድራቸው ሐረጎች ብዙ አይደሉም። «ሞተሩ ያልተከፈተ፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ የዶክተር መኪና» ይላል። ዶክተሩ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። እንቀልድበት እንጂ በዚህ አነጋገር ውስጥ ስለ ዋጋ አንድ ሙሉ ትምህርት አለ። ያገለገለ መኪና የሚከበረው ማንም ስላልነካው ነው። መፍቻ ያረፈበት ሞተር ይጠረጠራል፤ ጋራዥ ገብቶ የወጣ ላሜራ በጣት እየተንኳኳ ይመረመራል።

እስቲ አሁን ተቃራኒውን አስቡት። ሻጩ ደረቱን ነፍቶ «ሞተሩን ከፍቼዋለሁ፣ ቱርቦውን በትልቅ ለውጬዋለሁ፣ ማርሚታውን አውጥቼ ጣልኩ፣ ሞላውን ቀይሬ መኪናዋን ወደ መሬት አወረድኳት፤ ስለዚህ ጨምርልኝ!» ቢልስ? በአሜሪካም ሆነ በጃፓን የስፖርት መኪና ወዳጆች ዘንድ ይህ የዘወትር ክርክር ነው። የኛ ደላላ እንደ ነውር የሚደብቀውን እነሱ እንደ ሜዳልያ ይለጥፉታል። ታዲያ የእንዲህ ያለ መኪና ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው? ጥያቄው የጋራዥ ይመስላል እንጂ ከኋላው ረጅም ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር የአውሮፓውያን ናቸው።)

በ1918 ሌስ ኬሊ የሚባል ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሦስት ሞዴል ቲ ፎርዶች ይዞ ያገለገሉ መኪናዎች ንግድ ጀመረ። ሥራው ሲሰፋ የሚፈልጋቸውን መኪናዎችና ለእያንዳንዳቸው ሊከፍል የተዘጋጀውን ዋጋ እየጻፈ ለነጋዴዎችና ለባንኮች ማደል ያዘ። በ1926 ያ ዝርዝር መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ስሙም «ሰማያዊ መጽሐፍ»። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሲያነሱ ይህን ስም ይጠራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝርዝሩ የጀመረው ከገዢ በኩል መሆኑ ነው። ሻጭ «ይህን ያህል አወጣሁበት» የሚልበት ዓምድ የለውም፤ የሚናገረው እኔ ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚለውን ብቻ ነው። ደግሞም ዝርዝሩ የሚሠራው መኪናዎቹ እርስ በርስ ሲመሳሰሉ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ፎርድ በዓመተ ምሕረቷና በኪሎ ሜትሯ ትመዝናታለህ። አንዱ ወጣት በገዛ እጁ የፈታትንና የገጠማትን በየትኛው ገጽ ትፈልጋታለህ?

በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ወጣት የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሦስት መጽሔቶች መልሰውበታል፤ «ይሄ ምን የሚጻፍ ነገር ነው» ያሉትም ነበሩ። ምክሩ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያ የሚወጣው ብልሹው ይሆናል። አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ስለሚሏት ጽሑፉ የሎሚዎች ገበያ ተባለ። (እኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነው፤ እነሱ ለጠሉት መኪና አደረጉት።) አከርሎፍ በዚሁ ሥራው በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ግን ሕጉ ክርክር ሲነሳ ይደርሳል እንጂ ከሞተሩ ሽፋን ስር ገብቶ አያይልህም።

የተቀየረ የስፖርት መኪና እንግዲህ የሎሚ ሎሚ ነው። ፋብሪካው ያልፈተነውን ነገር ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። መቼ ተፈታ? ማን ገጠመው? ስንት ሌሊት በባዶ መንገድ ላይ እስከ ጥግ ተረገጠ? ስለዚህ ገበያው ጭካኔ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ለተጨመረው ነገር የተከፈለውን ሙሉ ገንዘብ የሚመልስ ገዢ እምብዛም አይገኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ይቀንሳሉ።

ታሪክ ግን ይህን ደንብ የሚያፈርስ ምሳሌ ያቀርብልናል። ካሮል ሼልቢ ቴክሳስ ውስጥ ዶሮ ሲያረባ የነበረ፣ በ1959 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረባው ጋር ያሸነፈ፣ ቀጥሎ በልብ ሕመም ምክንያት ውድድር ያቆመ ሰው ነው። ኤሲ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ለትንሿ የስፖርት መኪናው ሞተር የሚያቀርብለት ሲያጣ ሼልቢ «ቅርጹን ስጡኝ፣ ሞተሩን እኔ አመጣለሁ» አለ። ከፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተቀብሎ በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ገጠመው። ኮብራ ተወለደች። መጀመሪያ ላይ በእጁ ያለችው አንዲት መኪና ብቻ ስለነበረች ጋዜጠኞች ለሙከራ ሊነዷት በመጡ ቁጥር ቀለሟን ይቀይር ነበር፤ አንባቢው ብዙ መኪናዎች እንዳሉት እንዲያስብ። የኛ ደላሎች ይህን ቢሰሙ ሐውልት ያቆሙለት ነበር!

ያቺ የመጀመሪያዋ ኮብራ በነሐሴ 2016 ሞንተሬይ ላይ በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር ወጣባት። በቁሙ ካየነው የሌላ ሰው ሞተር የተገጠመላት፣ ቀለሟ ደጋግሞ የተነካ መኪና ናት። ለደላላችን ብናቀርብለት «ይቺማ ተበልታለች» ይለን ነበር። ዋጋዋን የሠራው ማን እንደከፈታት መታወቁ፣ በሻንሲዋ ላይ ያለው ቁጥርና ሼልቢ በ2012 እስኪሞት ድረስ ከእጁ አለመውጣቷ ነው። ዛሬ ኮብራን አስመስለው የሚሠሩ ከዋናዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ አንዳንዶቹ በፍጥነትም በፍሬንም ከዋናዋ የተሻሉ ናቸው። ዋጋቸው ግን አጠገቧ አይደርስም።

ሁለተኛው ምሳሌ የ1968ቱ «ቡሊት» ፊልም ነው። ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ያበረራት አረንጓዴ ሙስታንግ ለፊልሙ ተብላ ሞላዋና ሌላውም ተጠናክሯል፤ ለካሜራ መያዣ ብረት ተበይዶባታል። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ሰው በ6 ሺህ ዶላር ገዛት። ማክዊን ራሱ በ1977 ደብዳቤ ጽፎ ቢለምነው እምቢ አለ። ቤተሰቡ ለዓመታት እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ነዳት፤ የሰውየው ሚስት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትመላለስባት ነበር። በጥር 2020 ፍሎሪዳ ላይ ስትሸጥ የጨረታው ዋጋ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አልታደሰችም፤ ዝገቷም ብየዳዋም እንዳለ ነበር።

ለፊልሙ የተዘጋጁት ሁለት ነበሩና የሁለተኛዋ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ ከተጣሉ መኪናዎች መካከል ተገኘች። ያገኛት ሰው ማንነቷን ስላላወቀ የሌላ ፊልም ሙስታንግ ቅጂ አድርጎ ሊሠራት ተነሥቶ ነበር። የሻንሲ ቁጥሯ ሲጣራ ነው ሥራው የቆመ። ትንሽ ቢዘገዩ በጥሩ ቀለምና በአዲስ ላሜራ ታሪኳ ተሸፍኖ ይቀር ነበር፤ ባለ ጋራዡም «አሳመርኳት» ብሎ ይጨምርባት ነበር።

ሦስተኛዋ የኛው ዘመን ቶዮታ ሱፕራ ናት። ከ1993 እስከ 2002 የተመረተችው ሱፕራ 3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ያለው ሞተር ነበራት። የሞተሩ ብሎክ ከወፍራም ብረት የተሠራ በመሆኑ ፋብሪካው ከሰጠው ጉልበት እጅግ የበለጠ ይሸከማል። ይህን የደረሱበት መካኒኮች ከፈቱት። በ2001 «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» የተባለው ፊልም ብርቱካንማ ሱፕራ ሲያሳይ ደግሞ የወጣቱ መፍቻ ሁሉ እዚያው ላይ አረፈ። ማርሚታው ተጣለ፤ ቸርኬው ተቀየረ፤ ክንፍ ተተከለ። በዚህ ምክንያት ያልተነካች ሱፕራ ብርቅ ሆነች። አዲስ ሳለች አሜሪካ ውስጥ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ትሸጥ የነበረችው የ1994 ሱፕራ፣ ብዙም ያልተነዳች አንዷ በ2019 በጨረታ 173,600 ዶላር አወጣች። በሌላ በኩል ፊልሙ ላይ የታየችው፣ ክንፍና ሥዕል የተለጠፈባት ሱፕራ በ2021 ላስ ቬጋስ ላይ 550 ሺህ ዶላር ተሸጠች። አንዷ ባለመነካቷ፣ ሌላዋ ማን እንደነካት በመታወቁ ከበሩ። በመሀል የቀሩት፣ ስማቸው ባልታወቀ እጆች የተለወጡት ሺዎቹ ናቸው የሚያከራክሩን።

ዋጋን መኪናው ብቻውን አይሠራውም፤ መንግሥትም እጁ አለበት። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ ለሀገሯ መመዘኛ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ሲሞላው በቀላሉ እንዲገባ ትፈቅዳለች። የ1989ኙ ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር በ2014፣ የ1999ኙ ደግሞ በ2024 ነፃ ወጡ፤ ጃፓን ውስጥ ቆመው የነበሩ መኪናዎች የልደት ቀናቸው ሲቃረብ ተፈላጊ ሆኑ። እኛም ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሕጉ በተጠየቀ ቁጥር ደጅ ላይ የቆመችው አሮጌ ኮሮላ ዋጋ በባለቤቷ ልብ ውስጥ ሲያድግ ይታወቃል።

የእህቴ ልጅ ዳላስ ሆኖ የተለወጠ ሱባሩ ሊገዛ ሲል «ጋሼ፣ ሰውየው 15 ሺህ ዶላር አውጥቼበታለሁ ይላል፤ ስንት ልጨምርለት?» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። የመለስኩለት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያልተነካችው እህቷ በዚያው ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትሸጥ እወቅ። ከዚያ ቀንስ እንጂ አትጨምር፤ ወደነበረችበት ለመመለስ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስላ። ሰውየው የገጠመውን መካኒክ ስም፣ ደረሰኙንና የሞተሩ ጉልበት የተለካበትን ወረቀት ካወጣ የቀነስከውን ከፊሉን መልስለት። ካላወጣ 15 ሺሁ የራሱ መዝናኛ ነበር፤ ሲነዳት ተደስቶበታል፤ ሁለተኛ ጊዜ አንተ አትከፍልለትም። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ያወጣቸውን ዕቃዎችስ ልጠይቀው?» አለኝ። ጎበዝ ነው፤ ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ያ ጥያቄ አሁን የገበያው ዋና ጥያቄ ሆኗል። ያኔ የተወረወሩትን የፋብሪካ ማርሚታዎች፣ ቸርኬዎችና መሪዎች ዛሬ የሱፕራ ባለቤቶች በየአገሩ ያስሳሉ። ኒሳን በ2017 ለስካይላይን፣ ቶዮታም ጥቂት ቆይቶ ለሱፕራ የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና ማምረት መጀመራቸውን አስታውቀዋል። የድሮውን ማርሚታ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ መኪናውን ሲሸጥ ያንን መጀመሪያ ያውርድ።