ሸክላ፣ ካሴት፣ በይነ መረብ

ዘፈን ከዘፋኙ አፍ ከወጣ በኋላ ሩቅ አገር ለመድረስ ተሸካሚ ይሻል። ጥንት ይህ ተሸካሚ አዝማሪው ራሱ ነበረ፤ መሰንቆውን አንግቶ ከገበያ ገበያ፣ ከድግስ ድግስ ሲዞር ዘፈኑና ባለቤቱ አይለያዩም ነበር። ሸክላና ካሴት ከመጡ ወዲህ ግን ዘፈኑ ብቻውን ይጓዝ ጀመር። ስለዚህም የዘመናዊው ሙዚቃችን ታሪክ፣ በአንድ ወገን ሲታይ፣ ዘፈን ከባለቤቱ የተለየበትና መልሶ የተገናኘበት ታሪክ ነው።

በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ስለነበሩ ድምፃዊው ደመወዝተኛ ነበር። ድምፁ በሬዲዮ ይናኝ እንጂ በራሱ ፈቃድ ለገበያ የሚበቃበት በር እጅግ የጠበበ ነበር።

ይህን በር በ1969 የደፈረው አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አስቀረጸ። ቅጂዎቹ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላኩ በሸክላ ታተሙ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች ወጡ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» (1974) ከእነዚሁ አንዱ ነው። በ1975 አምኃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን ሆነ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከአገር ወደ ስደት ይሻገራል። ይሁን እንጂ ሁለት ቴፕ ያለው ሁሉ ሊያባዛው ስለሚችል ዘፈኑ በበዛ ቁጥር የባለቤቱ ድርሻ አነሰ።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ብቻውን እየተጫወተ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀረጸ። ኋላም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም ከመኪናው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር።

ካሴቷ ግን ጉዞዋን አላቆመችም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካን ካሴቶች በበይነ መረብ ሲያሰማ የነበረ ሰው፣ ባሕር ዳር ውስጥ አገኛት። በሽፋኗ ላይ ያለውን ስም በዚያው መረብ ፈልጎ ስልክ ደወለ። በ2013 ሥራው ዳግም ታተመ፤ ሙዚቀኛውም ወደ ዓለም መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

እነሆ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የተለያዩትን ዘፈንና ባለቤት ያገናኘው ስም ነው። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ መረቡ የሚፈልገው ባላገኘ ነበር።

ዛሬ ያለ ኩባንያ ለሚሠራው ሙዚቀኛ በሩ ሰፍቷል። በ2005 የተመሠረተው ዩቲዩብ ድምፅና ምስል በነጻ ያደርስለታል፤ በ2008 የተጀመረው ባንድካምፕ ደግሞ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ለአድማጩ በቀጥታ እንዲሸጥ ያስችለዋል። በአገራችንም በ2004 የታወጀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለከዋኙ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን የሰፋ በር ለቀማኛም ይሰፋል። ስለሆነም ከያኒው ሥራውን ወደ መረቡ ሲለቅ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም፣ የተቀረጸበትንም ዘመንና ቦታ አብሮ ይልቀቅ። መሣሪያው ይለወጣል፤ ሸክላው ይሰበራል፤ የካሴቱም ክር ይበጠሳል። ስሙ አብሮት የተጓዘ ዘፈን ግን ዘግይቶም ቢሆን ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ አለው።