የጓያ ሽባነት
የጓያ ሽባነት ጓያን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ አድርጎ ከመብላት የሚመጣ የነርቭ በሽታ ነው። መንስኤው በፍሬው ውስጥ ያለ ቤታ-ኦዳፕ የተባለ መርዝ ሲሆን፣ እግርን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል። እግሮች ይገተራሉ፤ ታማሚው በአንድ፣ ሲብስበትም በሁለት ምርኩዝ ይሄዳል፣ ከዚያም ይድሃል። አእምሮና የመዳሰስ ስሜት ግን አይጎዱም። በሽታው ወጣት ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም።

ጓያ ድርቅን ስለሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፈው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ ደላንታ ዳውንት በድርቅ ወቅት ብዙ ሰዎች በዚሁ ሽባ ሆነዋል። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሎ መብላትም አደጋውን ያቃልላል።