ብርኩማውና ዜማው

ስኮትላንዶች የአባቶቻቸውን ዜማ በተለይ ከረጢት ባለው ዋሽንትና በቫዮሊን ይጫወታሉ፤ ከዜማቸውም ብዙው እንደ ቅኝታችን በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። ቀድሞ ግን የክራር ወገን የሆነ መሣሪያም ነበራቸው። ስካይ በተባለች ደሴታቸው ከአንድ ዋሻ የተገኘው፥ አውታር የሚሸከመው የተቃጠለ ብርኩማ ዕድሜው ከ2300 ዓመት እንደሚበልጥ ሊቃውንት በ2012 እ.ኤ.አ. ገለጡ። እንጨቱ ተገኘ፤ ዜማው ግን ከተጫዋቾቹ ጋር አልፏል።

በአገራችን ክራርና ባለ 10 አውታሩ በገና እስከ ዛሬ የሚደረደሩት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ስለ ተላለፉ ነው። አቶ ዓለሙ አጋም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተምረዋል።

የምንኖርበት ሰፈር ጎተራ ይባላል። በጎተራ እህል ይከማቻል፤ ዜማ ግን የሚኖረው በሰው ጣት ነው። ስለዚህ ክራራችን የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ከሚቀር፥ በልጆቻችን እጅ ይግባ።