ያለጠያቂ ቃለ መጠይቅ

ሥራ ያመለከተ ሰው በኢሜይል ሊንክ ይደርሰዋል። ሲከፍተው የሚጠብቀው ኮሚቴ የለም፤ ስክሪኑ ላይ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ወይም አስቀድሞ በተቀዳ ቪዲዮ ይመጣል። ሐሳቡን የሚሰበስብባት ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ቀረጻው ይጀምርና ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል። ቀጣሪው መልሱን በተመቸው ቀን ከፍቶ ያያል። በእንግሊዝኛ «ዋን ዌይ ኢንተርቪው» የሚባለው ይህ ነው።

«የአንድ ወገን ቃለ መጠይቅ» ብንለው ያደላ ዘገባ ይመስላል። «የተቀዳ ቃለ መጠይቅ» ደግሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የዘወትር ሥራ ነው። እኔ «ያለጠያቂ ቃለ መጠይቅ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ የጎደለው ጠያቂው ነውና። በዙም በቀጥታ የሚደረገው ከዚህ አይቆጠርም። አመልካቹ ራሱን አስተዋውቆ የሚልከው የቪዲዮ ሲቪም ሌላ ነው፤ ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ታርጌትንና ቺፖትሌን ከመሳሰሉ ቀጣሪዎች ጋር የሞከረው እሱን ነበር።

አሠራሩን ካስለመዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ የተመሠረተው ሃየርቪው የተባለ ኩባንያ ነው። በጅምሩ ለአመልካቾች የኮምፒውተር ካሜራ በፖስታ ይልክ ነበር። ዛሬ ስልክ ይበቃል።

ለእኛ ሰው ከባዱ ካሜራው አይመስለኝም። ጨዋታችን በአድማጭ ይደገፋል፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው «እሺ»፣ «ከዚያስ» ይላል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦም «አዎ» ይላል። ያ ሲጠፋ ተናጋሪው መሰማቱን ይጠራጠርና አንዱን ነገር ደጋግሞ ያወራል። ሰላምታችንም ረዥም ነው፤ ደቂቃ ተኩል ከተሰጠች ግማሿን ይበላል። ይሉኝታው ደግሞ አለ፦ ብቻውን የሠራውን ሁሉ «ሠርተናል» የሚል ሰው ቀጣሪው ድርሻውን ለይቶ አያውቅለትም። ፊት ለፊት ቢሆን ጠያቂው «አንተስ ምን ሠራህ?» ብሎ ያወጣው ነበር።

ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት የቀረበች አመልካች «የተቆጣ ደንበኛ ያስተናገዱበትን ጊዜ ይንገሩን» ተባለች እንበል። «ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ፣ ጫና እችላለሁ» ብትል የሚያዝላት ነገር የለም። «እንግዳው ሌሊት ሲደርስ ያስያዘው ክፍል ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ሻይ አስመጣሁለት፣ አቅራቢያችን ባለ ሆቴል ክፍል አግኝቼ በእኛ መኪና አስወሰድኩት፤ ጠዋት ተመልሶ እኛው ጋ አረፈ» ብትል ግን ሥራዋ ይታያል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

የቀረው ቀላል ነው። ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ መቀመጥ፣ ስልኩን በዓይን ልክ ማቆም፣ የራስን ምስል ሳይሆን ሌንሱን ማየት ነው። መልስን እንደገና መቅዳት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው፤ ይህን የሚወስነው ቀጣሪው ነው። ኔትወርክ ቢቋረጥ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ወዲያው ለቀጣሪው መጻፍ ያዋጣል።

ቪዲዮውን ማን ያየዋል የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሃየርቪው የአመልካቹን የፊት እንቅስቃሴ በሶፍትዌር ይመዝን ነበር፤ ብዙ ከተተቸ በኋላ መተዉን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ አስታወቀ። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ቀጣሪው ቪዲዮውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስመረምር ከሆነ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ አሠራሩን እንዲያስረዳና ፈቃድ እንዲቀበል ያዛል። አመልካቹ ይጥፋልኝ ካለም በ30 ቀን ውስጥ መጥፋት አለበት። በዚያው ግዛት፣ ቺካጎ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ አንባቢ ይጥፋልኝ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርብ፣ ቀኑንም ይያዝ።