የካይሮ አሮጌ ኪራይና ያረጁ ተከራዮቹ

ካይሮ ለሐበሻ ሙስሊም ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከአገራችንና ከአካባቢዋ ዕውቀት ፍለጋ ለሚሄዱ ደረሶች በአል-አዝሀር መስጂድ ውስጥ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያና መማሪያ ለብዙ ዘመን ተመድቦ ኖሯል። ስመ ጥሩው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም የዘር ሐረጉ ከዚሁ ወገን የሚመዘዝ ነው። ስለዚህ የዚያች ከተማ አዛውንቶች በቤታቸው ጉዳይ ምን እንደገጠማቸው ብናወራ የሩቅ ሰው ወሬ እንዳይመስለን።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የግብፅ መንግሥት ቁጥሩ 164 የሆነ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚመለከተው በተለምዶ «አል-ኢጃር አል-ቀዲም»፣ ማለትም «አሮጌው ኪራይ» የሚባለውን ውል ነው። በዚህ ውል የተያዘ መኖሪያ ቤት ሁሉ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የንግድና የሥራ ቦታ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በተደረገው ቆጠራ በአገሪቱ በአሮጌ ኪራይ የተያዙ ቤቶች 3 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ የሚኖሩባቸውም 1.6 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች ነበሩ። ይህ ዓይነቱ ውል ለአዲስ ተከራይ መሰጠቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስላው፤ በዚያ ዓመት ውል የፈረመው የመጨረሻው ሙሽራ እንኳ ዛሬ ጎልማሳነቱን ጨርሷል። ከእርሱ በፊት የፈረሙትማ አያቶችና ቅድመ አያቶች ሆነዋል።

ነገሩ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ካይሮ በእንግሊዝ ጦር ተጨናንቃ፣ ዋጋ ሁሉ ሰማይ ነክቶ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1941 በወታደራዊ ትእዛዝ የቤት ኪራይ ባለበት እንዲቆም ተደረገ። ጦርነቱ አልፎም ትእዛዙ አልተነሣም፤ በ1947 ሕግ ቁጥር 121 ሆኖ ጸና። ከዚያ ወዲህ ተከራዩ ኪራዩን በጊዜው እስከከፈለ ድረስ የውሉ ዘመን ቢያልቅም ባለቤቱ ሊያስወጣው አይችልም። ንጉሥ ፋሩቅ ወርደው መኮንኖቹ ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ኪራይ መቀነስ የአብዮቱ ስጦታ ሆነ፤ በ1952፣ በ1958፣ በ1961፣ በ1965 እየደጋገመ ተቀነሰ። በ1977 የወጣው ሕግ ቁጥር 49 እንዲያውም ተከራዩ ቢሞት ውሉ አይሞትም አለ። አብረውት ይኖሩ የነበሩ ሚስቱ፣ ልጆቹ ወይም ወላጆቹ በቦታው ይተካሉ። ይህ መተካካት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያጠበበው የአገሪቱ የበላይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2002 ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ኪራዩ ቆሞ ቀረ፣ ገንዘቡ ግን እየወረደ ሄደ። በ1950ዎቹ ደህና ገቢ የነበረ ኪራይ በልጅ ልጅ ዘመን ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ የማይደርስበት ሰፈር ብዙ ነው። ባለቤቱ በዚህ ገንዘብ ደረጃውን እንኳ አያስጠግንም። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ጣሪያው ይረግፋል፤ በካይሮና በእስክንድርያ አሮጌ ሕንፃ በሰው ላይ ተናደ የሚለው ወሬም የተለመደ ሆነ። አንዳንዱ ተከራይ ሌላ ቤት ሠርቶ ወጥቶ ሳለ አሮጌውን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

እዚህ ላይ ፍትሕን የሚወድ ሰው ለአከራዩም ሊያዝን ይገባል። «አከራይ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሆዱ የገፋ ባለጸጋ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ባለቤቶች ብዙዎቹ ከአባታቸው አንድ ሕንፃ ወርሰው፣ ከስምንት ቤት የሚሰበስቡት ኪራይ ለራሳቸው የአንድ ወር አስቤዛ የማይበቃቸው ናቸው። እነርሱም አርጅተዋል።

ተከራዩም መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ኪራዩ ዝቅ ብሎ በቆመበት ዘመን አከራዮች ገና ሲገባ «ኹሉው ሪጅል» የሚባል ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ቃሉ «እግር ማንሣት» እንደማለት ነው። ሕግ ቢከለክለውም ያልተቀበለ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም መጠኑ ከቤቱ ዋጋ ብዙም አያንስም ነበር። አንድ ወጣት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለፍቶ ያጠራቀመውን ወይም የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ያገኘውን ለዚህ ያውለው ነበር። በዚያ ገንዘብ የገዛው ነገር ቢኖር «እስክትሞት ማንም አያስወጣህም» የሚለውን የሕግ ቃል ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም። በወረቀቱ ያለው ጥቂት ፓውንድ ብቻ ነውና ዛሬ ሲከራከር ማስረጃ የለውም።

የፊቅህ ኪታቦቻችን በዚህ ጉዳይ ምን ይላሉ? የኢጃራን ባብ ለደረሶች ስናስቀራ መጀመሪያ የምንነግራቸው የሚከራየው ጥቅም፣ ዋጋውና ጊዜው የታወቁ መሆን አለባቸው ብለን ነው። የግብፅ ባለቤቶችም ይህንን ይዘው ነው የተከራከሩት፤ ማብቂያ የሌለው ኪራይ ኪራይ አይደለም ይላሉ። ክርክራቸው ሥር አለው። ግን የባቡን አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ መዝጋት አይገባም። በዚያው ኪታብ «ኡጅረቱል-ሚስል» የሚባል መለኪያ አለ፤ የአንድ ቤት ኪራይ በዚያ ጊዜና በዚያ ቦታ አቻው የሆነ ቤት የሚያወጣው ማለት ነው። የወቅፍንና የየቲምን ንብረት ከዚህ ልክ እጅግ አሳንሶ ማከራየት ዑለማው አልፈቀዱም።

ከዚህም ላይ ተመሥርቶ በግብፅ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራ «ሒክር» የተባለ ሥርዓት ነበር። አንድ ሰው ባዶ የወቅፍ መሬት ለረጅም ዘመን ይይዝና ቤት ይሠራበታል። የመሬቱን ኡጅረቱል-ሚስል እስከከፈለ ድረስ አይነቀልም፤ የአካባቢው ኪራይ ሲጨምር ግን የእርሱም ይጨምራል። ልብ በል አንባቢ! ቦታው የጸና፣ ዋጋው ግን ከዘመኑ ጋር የሚሄድ ነው። ሁልጊዜ በደንቡ ተሠራበት ማለቴ አይደለም። ናዚሮች እየሰነፉ ወይም እየተመሳጠሩ የብዙ ወቅፍ ኪራይ ቆሞ ቀርቶ መድረሳዎችና መስጂዶች ደኽይተዋል። በ1948 የወጣው የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሒክርን በወቅፍ መሬት ብቻ ወስኖ፣ ዘመኑንም ከ60 ዓመት እንዳያልፍ አደረገው። ቢሆንም ተከራይን ሳይነቅሉ ኪራይን ማስተካከል እንደሚቻል አባቶች አስቀድመው ያውቁ ነበር።

የፍርድ ቤቱም ውሳኔ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ኖቬምበር 9 ቀን 2024 የበላይ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1981 በወጣው ሕግ ቁጥር 136 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ለዘላለም ባለበት መቆሙ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈረደ። የተፈረደው በኪራዩ መጠን ላይ ነው። ተከራዩ ይውጣ የሚል በዚያ ፍርድ ውስጥ የለም። ፓርላማው ግን ኪራዩንም ጨመረ፣ መውጫውንም ቆረጠ።

ጭማሪው እንዲህ ነው፦ ጥሩ በሚባሉ ሰፈሮች የነበረው ኪራይ በሃያ ይባዛል፤ ከ1,000 ፓውንድ ግን አያንስም። መካከለኛ በሚባሉት በዐሥር ተባዝቶ ቢያንስ 400፣ ዝቅተኛ በሚባሉት ደግሞ በዐሥር ተባዝቶ ቢያንስ 250 ፓውንድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 15 በመቶ ይታከልበታል። በ1,000 የጀመረው በሰባተኛው ዓመት 2,300 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። በዚያው በ2025 የግብፅ ዝቅተኛ የጡረታ ክፍያ 1,500 ፓውንድ ያህል ነበር። ጥሩ በተባለ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ባለጸጋ አይደለም፤ ሰፈሩ ከብዶት እርሱ ግን ባለበት የቀረ ጡረተኛ መምህርና ጸሐፊ ሞልቷል። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ተከራዮች በጭማሪው ላይ ያን ያህል አልጮኹም። የጮኹት በሰባቱ ዓመት ላይ ነው።

ሕጉ ጁላይ 2 ቀን 2025 በፓርላማ ሲጸድቅ፣ ውሉን ራሳቸው የፈረሙት የመጀመሪያዎቹ ተከራዮችና የትዳር ጓደኞቻቸው ቢያንስ ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ ይተዉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ተቀባይነት አላገኘም፤ አንዳንድ የተቃዋሚ አባላትም ተቃውመው አዳራሹን ለቀው ወጡ። እኔ እንደሚመስለኝ ከጠቅላላው ታሪክ ከባዱ ቦታ ይህ ነው። መንግሥት በ1941 ለተከራዩ ሲራራ የርኅራኄውን ዋጋ ያስከፈለው ባለቤቱን ነው፤ ከግምጃ ቤቱ ምንም አላወጣም። በ2025 ስሕተቱን ሲያርም ደግሞ ሒሳቡን ለአዛውንቱ ተከራይ አስተላለፈ።

ከዚህ ላይ ወደ አገራችን አንድ ጊዜ መለስ እንበል። እኛ ዘንድ ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ መንገዱ ከግብፅ የተለየ ነበር። ግብፅ ቤቱን ለባለቤቱ ትታ ኪራዩን አሰረች፤ ደርግ ቤቱን ራሱን ወሰደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ ሥር ገቡ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱ ቢያፈስበትም፣ መጸዳጃው ከሃያ ቤተሰብ ጋር ቢሆንም በዚያው እያረጀ ኖረ። በግለሰብ ቤት የሚኖረው ግን እንዲህ ያለ ከለላ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራዩን መጠን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ስለሚተው፣ ውሉም ብዙ ጊዜ በቃል ስለሆነ፣ «በሚቀጥለው ወር ልቀቅ» የተባለ ሽማግሌ ዕቃውን ከመሸከም በቀር የሚለው አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጊዜው ተከልክሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አደረገ። ከነበረው ሲታይ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የካይሮ ሽማግሌ አነሰኝ ብሎ የጮኸው ሰባት ዓመት ነው፤ ለአዲስ አበባው ሽማግሌ የተረጋገጠለት ሁለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው በሁለት ዓመት ውል ደስ ብሎት የሚያስገባ አከራይ ስንት እንደሆነ ቤት ለአባቱ ወይም ለእናቱ ፈልጎ የሚያውቅ አንባቢ ይመስክር።

የግብፁ ሕግ ለአዛውንቶቹ አንድ በር ትቷል። ሰባቱ ዓመት ከማለቁ በፊት ያመለከተ ተከራይ መንግሥት ከሚያቀርባቸው ቤቶች በኪራይ ወይም በግዢ ሊያገኝ ይችላል፤ ቅድሚያውም ውሉን ለፈረመው ለመጀመሪያው ተከራይና ለትዳር ጓደኛው ነው። በ2025 75 ዓመት የሞላቸው ባልና ሚስት ቀኑ ሲደርስ በ2032 82 ይሞላቸዋል። ሐኪማቸው፣ መድኃኒት በዱቤ የሚሰጣቸው ባለሱቅ፣ ፈጅር በከዘራ የሚደርሱበት መስጂድ ሁሉም ያሉት አሁን ባሉበት ሰፈር ነው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ተከራዮቹ ደጋግመው የጠየቁት ሌላ አይደለም፤ የሚሰጠን ቤት የት ነው ነው ያሉት።