ከላይ ለምለም፣ ከሥር ባዶ፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሳተላይት ዓይን

በደቡብ ጎንደር ነባሩ ደን በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ዙሪያ ነው። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው ደብሩን ከበው ይቆማሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማሳ ነው። በክረምት ሰብሉም ዛፉም እኩል አረንጓዴ ስለሚሆን፣ ደመናውም ስለሚጋርድ፣ የሳተላይት ምስል ብዙ አይረዳም። አዝመራው ተሰብስቦ ጥርና የካቲት ሲገባ ግን እያንዳንዱ ደን በደረቀው መሬት ላይ ነጥብ ሆኖ ይለያል።

ነጥቡ ግን ትንሽ ነው። 2 ሄክታር የሚሸፍን ክብ ደን ወርዱ 160 ሜትር ገደማ ነው። የላንድሳት ሳተላይት ፒክሰል 30 በ30 ሜትር ስለሆነ፣ ደኑን ከሚነኩት ፒክሰሎች ከግማሽ የሚበልጡት ዛፍና ማሳ የተቀላቀለባቸው ናቸው። የመጀመሪያቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የመጠቀ የሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች በ10 ሜትር ፒክሰል ድብልቁን ከሲሶ በታች ያደርጉታል።

ከዚህ የባሰው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። እንደ ጥዱ ሁሉ ክረምት ከበጋ ስለሚለመልም፣ ራንደም ፎረስትን የመሰለ የማሽን ለርኒንግ ስልት አንድ ምስል ብቻ ከተሰጠው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን ከቅርብ ዘመን ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ደኖቹ ጸንተው መቆየታቸውን፣ በአካባቢያቸው ግን ባሕር ዛፍ መስፋፋቱን አሳይተዋል። እኔ የማምነው በዓመታት ቅደም ተከተል ነው። ገበሬው ባሕር ዛፉን በየጥቂት ዓመቱ ይቆርጠዋል፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የልምላሜው መለኪያ በዓመታት ሲደረደር የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ የጥዱ ግን ብዙም አይዋዥቅም። የላንድሳት ማኅደር ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በነጻ ስለሚገኝ ይህን ለመሥራት ገንዘብ አያግድም።

ፈተናውም ጥንቃቄ ይሻል፦ የማሽን ለርኒንግ ሞዴሉ የተማረባቸውና የተፈተነባቸው ፒክሰሎች ከአንድ ደን ከተወሰዱ፣ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያምራል። የሚታመነው ፈተና ሞዴሉ ፈጽሞ ባላየው ደብር የሚደረገው ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሳተላይቱ የሚያየው አናቱን ነው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኞች ይበልጥ እንደሚበቅሉና እንደሚተርፉ በመስክ አረጋግጠዋል። ከብት የሚግጥበት ደን ሽማግሌ ዛፎቹ እስካሉ ድረስ በካርታው ላይ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። ተተኪ እንደሌለው የሚታወቀው ሽማግሌዎቹ መውደቅ ሲጀምሩ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘሩም አብሮ ተመናምኗል።

የደን ካርታ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ከሽፋኑ ስፋት ጎን በመስክ የተቆጠረውን የችግኝ ብዛት አስፍሩ። ከብቱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደወደቀ የደብሩ አባቶች ያውቃሉና፣ ሞዴሉን ከማሠልጠናችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።