ጨውን ማን ይገፋዋል? የእንቁራሪት ቆዳ በፊዚዮሎጂ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። በኩሬ የምትኖር እንቁራሪት በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ከኩሬው ውኃ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ጨዉ ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ውኃውም በቆዳዋ በኩል ወደ ሰውነቷ ይገባል። ትርፉን ውኃ ኩላሊቷ ያስወግደዋል። የጎደለውን ጨው ግን ከየት ትተካለች? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬይሞን በ1848 በእንቁራሪት ቆዳ ውስጥና ውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መኖሩን አስታወቀ። ምክንያቱ ግን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆየ። በ1937 ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ ጨው የጎደላቸው እንቁራሪቶች እጅግ ከቀጠነ የጨው ውኃ እንኳ በቆዳቸው ጨው እንደሚስቡ አሳየ። ጨው ከጥቂት ወደ ብዙ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚገፋው ኃይል ሊኖር ግድ ነው።

ይህን ኃይል በሚዛን ላይ ያስቀመጡት በኮፐንሃገን ሃንስ ኡሲንግና ካርል ዜራን ናቸው። በ1951 ባሳተሙት ሥራ ቆዳውን በሁለት ክፍሎች መካከል ወጥረው፣ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የጨው ውኃ አደረጉ፤ ቮልቴጁንም ከውጭ በሚላክ ጅረት ወደ ዜሮ አወረዱት። እንግዲህ ጨውን የሚስብ ልዩነት አልቀረም። ሆኖም ሶዲየም ከውጭ ወደ ውስጥ መጓዙን አላቆመም፤ በጨረር አመንጪ ሶዲየም የተለካው የተጣራ ጉዞም ከጅረቱ ጋር እኩል ሆነ። እኔ የዚህን ሙከራ ታላቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው፦ ሌሎቹን ምክንያቶች በቃል ከመከራከር ይልቅ አንድ በአንድ አስወግዶ፣ የቀረውን ለካ። የቀረውም ሕያው ሕዋስ ጉልበት አውጥቶ የሚሠራው ሥራ ነበር።

በ1957 ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በሸርጣን ነርቭ ውስጥ ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያንቀሳቅሰውን ኤንዛይም አገኘ። በዓመቱ ቫልቦርግ ኮፎድ ዮንሰንና ኡሲንግ የቆዳውን አሠራር በሁለት ደጆች አስረዱ፤ ሶዲየም በውጭኛው ደጅ በራሱ ይገባል፣ በውስጠኛው ደጅ ግን በፓምፕ ወደ ደም ይገፋል።

አካባቢ ሲለወጥ መፍትሔውም ይለወጣል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋማ ረግረግ የሚኖረው ሸርጣን በል እንቁራሪት ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውኃ እንዳያመልጠው ዩሪያን በሰውነቱ ያከማቻል።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት፣ የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ ፈንገስ የጨው ዝውውሩን ከግማሽ በላይ እንደሚያዳክምና በመጨረሻም ልብን እንደሚያቆም አሳየ። ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ በ2012 ተዘግቧል። ስለዚህ ኡሲንግ የለካው ጅረት፣ ሲቋረጥ ዝርያዎችን የሚያጠፋ የሕይወት መስመር መሆኑን እያሰባችሁ በአገራችን ወንዞችና ረግረጎች ያሉትን እንቁራሪቶች እንድታጠኑ አደራ እላለሁ።